ጾሙ ያልነካው እግር

ታላቅ እህቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ሁዳዴን ስትጾም ፊቷ ይመጠጣል፣ ቀሚሷ ወገቧ ላይ ይሰፋታል። እግሯ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዳሌዋ ጀምሮ ወፍሮ ይወርድና ቁርጭምጭሚቷ ላይ በክር የታሰረ ይመስል ቀጥ ይላል። ከዚያ በታች ቀጭን ናት፤ ጫማዋ 37 ነው። ልጇ ጭኗ ላይ ሲቀመጥ ያማታል፣ በማግስቱ ቦታው ይበልዛል።

ጎረቤት «ብርድ ነው» አለ። ሌላው «ዝሆኔ ነው» ብሎ ራቃት። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ «ክብደት ቀንሺ» ተብላ ተመለሰች።

ዝሆኔ አይደለም። በእኛ ደጋ የምናውቀው ዝሆኔ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው፤ የሚጀምረውም ከታች፣ ከእግር ጣት በኩል ነው። (እሱም ቢሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መሸሹ ምን ይሉታል?) የእህቴ ሕመም ሊፒዲማ ይባላል፤ ከቆዳ ሥር ስብ ያለ ልክ የሚከማችበት ሕመም ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች አለንና ሃይንስ ናቸው ስም የሰጡት። የሚይዘው ከሞላ ጎደል ሴቶችን ብቻ ነው። በጉርምስና፣ በእርግዝና ወይም በማረጫ ዕድሜ ይነሳል፤ ሁለቱን እግር እኩል ያወፍራል። ምግብ በመቀነስ እምብዛም አይነቃነቅም።

ቀዶ ሕክምና ግን አለው። ማደንዘዣ ያለበት ፈሳሽ ስቡ ውስጥ ይረጫል፣ ከዚያ ስቡ በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል። ብዙ ጊዜ በአንድ ዙር አያልቅም። ጀርመን ውስጥ ታካሚዎችን እስከ 12 ዓመት የተከታተሉ ሐኪሞች ሕመሙም መበለዙም እንደቀነሰ መቆየቱን አይተዋል። አንዳንዶቹ ታካሚዎች ለሕመሙ የሚለበሰውን፣ እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘውን ካልሲ ጨርሶ አልተዉም፤ ቀዶ ሕክምናው በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም። ግን ያለ ሥቃይ ደረጃ መውጣት ቀላል ነገር ነው? የጀርመን የሕዝብ ጤና መድንም በ2020 እ.ኤ.አ. ሕመሙ ለጠናባቸው ወጪውን መሸፈን ጀምሯል።

እኛ ዘንድ ስብ ማስመጠጥ ሲባል የሀብታም ቁንጅና ነው የሚመስለን። ይህ ያናድደኛል። ቀዶ ሕክምናው ዛሬ ደብረ ብርሃን ይምጣ አልልም። ስሙ ግን ይምጣ። የጤና ባለሙያው ካልሲዋን አስወልቆ እግሯን ይይ። መቼ እንደጀመራት፣ ሲነካ ያማት እንደሆነ ይጠይቃት። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም።

እህቴ 16 ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእሷ ሆድ መስሏት ኖራለች። ዛሬም ከማዕድ ቀድማ እጇን የምትሰበስበው እሷ ናት።