ይድረስ ለ«የት ደረሰሽ?»፣ ባለህበት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ካንተ በስተቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ በተመደበችው ታናሽ እህቴ ስም ነው። እሷ ራሷ እንዳትጽፍልህ አንተን ከመሸሽ ጊዜ የላትም።

የማትገባበት ቦታ የለም። ዳቦ ልትገዛ ሱቅ ስትሄድ፣ ባለሱቁ መልሷን ሳይቆጥር አንተን ያስቀድማል። ባለፈው ለቅሶ ቤት ሄድን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል፤ ንፍሮ ይዞራል። ከእህቴ ጎን የነበሩት እትዬ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ከንፍሮው አፈስ አደረጉ፣ ከዚያ ዘንበል ብለው «ለመሆኑ የኔ ልጅ፣ የት ደረሰሽ?» አሏት። ለሟቹ አልቅሰው እንኳ አልጨረሱም ነበር እኮ!

ስም ያወጣልህ ሰው ግን ብልህ ነው። በአገራችን ዕቁብ ይደርሳል። ሎተሪ ይደርሳል። ኮንዶሚኒየምም ይደርሳል፣ ለደረሰው። ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው። «የት መረጥሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው እስካሁን አልገጠማትም። ፎርሙ ግን «ምርጫ» ይላል። አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ እያለ ቁልቁል እስከ አርባ ምናምን ይወርዳል። ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል። እኔ አንተን ነው የማምነው።

ደግሞ ለማን እንደምትቀርብ አትመርጥም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በየ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆኑ። ከመቶው ልጅ ከዘጠና በላዩ ፊት አንተን ማንሳት ነውር ነው ማለት ነው። አንተ ምን ገዶህ! ሬሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) የገባውንም፣ እንደገና ሊፈተን የተመዘገበውንም በእኩል ዓይን ታያለህ።

እህቴ የምታውቀው ዩኒቨርሲቲ አንድ ብቻ ነው፤ የተፈተነችበት። እሱንም ያየችው ስልኳን ቤት ትታ፣ በር ላይ ተፈትሻ ገብታ ነው። ስለ ግቢው ስንጠይቃት «ፍራሹ ቀጭን ነው» አለችን። በዚህ እውቀቷ የአገሪቱን ዩኒቨርሲቲዎች በደረጃ አስቀምጪ ተባለች።

የምርጫው ማታ ሳሎናችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት መስሎ ነበር። እማዬ ቡና አፈላች። እህቴ ስልኳን ቻርጀር ላይ ሰክታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አባዬ ከአሮጌ ደብተር ወረቀት ቀዶ መስመር አሰመረበት። ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ሰመራ ሙቀት ነው፣ ወደ ታች። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ልጅቷ ደግሞ ሳይነስ አለባት፣ ወደ ታች። ጅማ ማር አለ፣ ወደ ላይ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው፤ «እዚያማ ልጅ ይዝናናል እንጂ አይማርም»፣ ወደ ታች። አርባ ምንጭ ዓሣ አለ፣ ወደ ላይ። አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠችና «አዞም አለ» አለች። ወደ ታች፣ በጣም ወደ ታች።

እህቴ ማጥናት የምትፈልገው የውኃ ምህንድስና ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የተነሣው ከውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ይህን ልትናገር ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። አዞው አሸነፋት።

ጎረቤታችን ጋሼ በመሐል ገቡ። «ስድስት ኪሎ ካልሆነ ምኑን ዩኒቨርሲቲ ሆነ?» አሉ። እሳቸው የተማሩት ዩኒቨርሲቲው በንጉሡ ስም ይጠራ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ሐረማያን እስከ ዛሬ አለማያ ነው የሚሉት። አስረዳናቸው። ስድስት ኪሎ ራስ ገዝ ሆኗል፣ የራሱን መግቢያ ፈተና ፈትኖ ነው የሚቀበለው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂም፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂም መግቢያ ፈተና አላቸው። እህቴ ስድስት ኪሎን ሞክራ አልሆነላትም።

«ከፈተናው በኋላ ሌላ ፈተና? ታዲያ የመጀመሪያው ምን ሊያደርግ ነበር?» አሉ ጋሼ።

መልስ የሰጠ የለም። ይህ ጥያቄ ነው፤ ካንተ ጋር ሳወዳድረው ቅናት አይያዝህ።

በመጨረሻ «አስገባ» የሚለውን ነካች። ያቺ ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። እማዬ «ኧረ እመቤቴ!» አለች። አባዬ ዋይፋዩን አጥፍቶ አበራው፤ አባዬ ሬዲዮም ሲበላሽ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ተስፋ ቆርጠን ተኛን። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ገባ።

ምደባ መውጣቱን በቴሌግራም ሰማን። አሥራ አራተኛው ደረሳት። አሥራ አራተኛ ላይ ለምን እንዳስቀመጥነው ከቤተሰቡ የሚያስታውስ የለም። እማዬ «አስፋልት አለው?» ብላ የጠየቀችበት ነው መሰለኝ።

አንተ ብቻህን ብትመጣ ባልከፋ ነበር። መልስ ስታገኝ ታናሽ ወንድምህን ታስከትላለህ፦ «እዚያም ዩኒቨርሲቲ አለ እንዴ?» እህቴ መጀመሪያ ሰሞን ታብራራ ነበር። አሁን «አለ» ብላ መንገዷን ትቀጥላለች።

ከዚያ ጥሪው ወጣ። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው። እማዬ በዚያ ላይ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድልህ ጨመረች። ሻንጣው እኔ ቁጭ ብዬበት ነው የተዘጋው።

ደግሞ እንደማትተወን እናውቃለን። ፍሬሽማን ስትጨርስ ዲፓርትመንት ትመርጣለች፤ ይቅርታ፣ ይደርሳታል። ያኔ ልብስህን ቀይረህ «ምን ደረሰሽ?» ብለህ ትመጣለህ።

ዛሬ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሸኘናት። እማዬ ቤት ከገባን ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ ትደውልላታለች። ከጓዳ ድምጿን ስሰማ አንተ መሰልከኝና ልቆጣ ተነሣሁ። ቀረብ ብዬ ሳዳምጥ ግን አንተ አይደለህም። ልዩነታችሁ አንዲት ፊደል ናት።

«የት ደረስሽ?»

«ባቱ።»

«ባቱ ደግሞ የት ነው?»

«ዝዋይ፣ እማዬ።»

«እ! እንዲያ በይኛ!»