ሆላንዶች የሚረዳዱባቸው ቃላት

ኔዘርላንድ የሚኖር ሐበሻ ስለ አገሬው ሰው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሁሉም ለየራሱ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም» የሚል ነው። አስተያየቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ሳይደውሉ የሰው ቤት መሄድ ነውር በሆነበት አገር ብቸኝነት እውነተኛ ሕመም ነው። ይሁንና ይህን ፍርድ የሚሰጡ ብዙዎቹ ወገኖቻችን በየጊዜው ከማዘጋጃ ቤትና ከሐኪም ቤት በሚደርሷቸው ደብዳቤዎች ላይ የተጻፉትን ቃላት ጠንቅቀው አያውቋቸውም። እንግዳ ሁሉ ቀድሞ የሚማረውን «ኼዜሊኽ» የተባለ ቃል እዚህ ላይ ልለፈው፤ ሞቅ ያለ፣ ልብ የሚያሳርፍ አብሮነት ማለት ነው። ማብራሪያ የሚሹት ሌሎቹ ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ «ክራምዞርኽ» ሲሆን ትርጉሙ የአራስ እንክብካቤ ነው። በአገራችን ሴት ስትወልድ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ እናት ወይም እኅት ካለችበት መጥታ ታርሳታለች። በኔዘርላንድ ይህን ሥራ የምትሠራው በሙያው የሠለጠነች ባለሙያ ናት። ከወሊድ በኋላ ለስምንት ቀን ያህል ቤት ድረስ እየመጣች የሕፃኑን ሙቀት ትለካለች፣ እትብቱን ታያለች፣ ጡት ማጥባቱ እንዲቃና ትረዳለች፣ የእናቲቱን ጤና ትከታተላለች፣ ያየችውንም ሁሉ አዋላጇ እንድታነበው በመዝገብ ታሰፍራለች፤ ይህን ስትጨርስ ደግሞ ልብስ ታጥባለች፣ መታጠቢያ ቤቱን ታጸዳለች፣ ትልልቆቹን ልጆች ትይዛለች። ጠያቂ ሲመጣ ክብ ደረቅ ብስኩት ቅቤ ተቀብቶ፣ በስኳር የተለበጠ እንስላል መሰል ፍሬ ተነስንሶበት ይቀርባል፤ ለወንድ ልጅ ሰማያዊና ነጭ፣ ለሴት ልጅ ሮዝና ነጭ። ፍሬው ቀጭን ጭራ ያለው ስለሚመስል «ማውሽየስ» ማለትም ትንንሽ አይጦች ይሉታል።

የአገልግሎቱ መጠን እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ከ24 እስከ 80 ሰዓት ይደርሳል። አብዛኛውን ወጪ መሠረታዊው የጤና መድን ይሸፍናል፤ ቤተሰቡም በየሰዓቱ ጥቂት ያዋጣል። እኅቶቻችን ግን «እናቴ ትመጣልኛለች» በሚል ተስፋ፣ ወይም የማያውቋት ሴት ጓዳቸው ገብታ እንድታይ ባለመፈለግ፣ በእርግዝናው መጀመሪያ መደረግ የሚገባውን ምዝገባ ያሳልፉታል። የእናት ቪዛ ተከልክሎ አራሷ ብቻዋን የቀረችበትን ቤት ስላየሁ ይህ ነገር ያሳዝነኛል። እናትም ብትመጣ ገንፎው የእናት፣ ክትትሉ የባለሙያዋ ይሆናል እንጂ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል፣ በትዌንተ፣ በአኽተርሁክና በድሬንተ ደግሞ «ኖአበርፕሊኽት» የሚባል ነገር አለ። በአካባቢው ዘዬ ኖአበር ጎረቤት፣ ፕሊኽት ግዴታ ነው። በልማዱ መሠረት ሰው ሲሞት ቅርብ የሆኑት ጎረቤቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ይለፍፋሉ፣ አስከሬኑን ይገንዛሉ፣ ሣጥኑን ተሸክመው ያደርሳሉ፤ ሐዘንተኛው ቤተሰብ በእነዚህ ጉዳዮች አይደክምም። ጡሩምባ ነፊ ሲያልፍ ሰምቶ፣ ድንኳን ተክሎና ወንበር ደርድሮ ላደገ የእድርተኛ ልጅ ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። ልማዱ ዛሬ እንደ ቀድሞው ጥብቅ ባይሆንም በገጠሩ አልጠፋም።

ከተሜው ሆላንድ በዚህ ፈንታ የቀብር መድን ይገባል። ከዚህ ዓይነት ድርጅቶች ስሙ የሚታወቀው «ዴላ» እ.ኤ.አ. በ1937 በአይንድሆቨን ከተማ በኅብረት ሥራ ማኅበርነት የተቋቋመ ሲሆን፣ ስሙም «አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም» ከሚለው የገላትያ መልእክት ቃል የተወሰደ አሕጽሮት ነው። ለድሃ የሚገባውን ቀብር ለማስገኘት ተብሎ የተጀመረ መዋጮ ከእድር የተለየ አሳብ አለው ለማለት ይቸግረኛል። ልዩነቱ መዋጮው ለቀስተኛ አለማምጣቱ ነው፤ በዚህ ረገድ የእኛው እድር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ወገኖቻችንን የሚነካው ቃል «ማንተልዞርኽ» ነው። ማንተል ካባ፣ ዞርኽ እንክብካቤ ማለት ሲሆን፣ ሰው ለታመመ ወይም ለደከመ ዘመዱ፣ ወዳጁ ወይም ጎረቤቱ ያለ ደመወዝ የሚያደርገውን የማያቋርጥ አገልግሎት ይገልጻል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት ሃቲንኻ ፌርስኹረ የተባሉ ፕሮፌሰር ናቸው። እኛ ወላጅን መጦር የልጅነት ግዴታ ስለሆነ ለሠሪው የተለየ ስም አልሰጠነውም፤ ሆላንዶች ግን ስም ከሰጡት በኋላ መብት አያያዙበት። የታመመ ወላጁን የሚያስታምም ተቀጣሪ በዓመት ውስጥ የሁለት ሳምንት የሥራ ሰዓቱን የሚያህል ፈቃድ፣ ቢያንስ ከደመወዙ 70 በመቶ እየተከፈለው ሊወስድ ይችላል። ማዘጋጃ ቤቱም ለአስታማሚዎች ምስጋናውን በየዓመቱ እንዲገልጽ፣ ሲደክማቸውም የሚተካቸው ሰው እንዲፈልግ ሕጉ ያዘዋል።

ነገሩ የሚበላሸው «ክውከንታፈልኼስፕሬክ» በሚባለው ላይ ነው። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ውይይት ማለት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ላይ በዋለው የማኅበራዊ ድጋፍ ሕግ መሠረት የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ቤት መጥቶ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅበት ንግግር ነው። ንጉሥ ቪለም አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሰሙት የዙፋን ንግግር የቀድሞው የማኅበራዊ ዋስትና መንግሥት ቀስ በቀስ ወደ «ተሳትፎ ማኅበረሰብ» እየተለወጠ ነው ካሉ ወዲህ፣ ጠያቂው በቅድሚያ ማወቅ የሚፈልገው ቤተሰብና ጎረቤት ምን ሊሸፍኑ እንደሚችሉ ነው። እናቶቻችን ታዲያ ገመናቸውን ላለማውጣት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም፤ ልጄ ሁሉንም ታደርግልኛለች» ይላሉ። ይህን የምታስተረጉመው ያችው ልጅ ናት፤ ጠዋት እናቷን አጥባ፣ መድኃኒት ሰጥታ ወደ ሥራ የምትሮጠው እርሷ ናት። ጨዋነት የወለደው መልስ በሠራተኛው ወረቀት ላይ «እርዳታ አያስፈልጋትም» ተብሎ ይመዘገባል።

ስለዚህ በውይይቱ ቀን ልጅ የእናቷ አስተርጓሚ ብቻ ሆና መቅረብ የለባትም፤ የምትሠራውን በሰዓት ቆጥራ፣ የማትችለውን ለይታ በራሷ ስም መናገር አለባት። ማዘጋጃ ቤቱ እርዳታ ፈላጊው ለእርሱ ወገን የሚቆም፣ ከራሱ ከማዘጋጃ ቤቱ ነጻ የሆነ አማካሪ ያለ ክፍያ እንዲያገኝ ማድረግ ግዴታው ነው። የዚህ ሰው መጠሪያ «ክሊየንትኦንደርስተውነር» ይባላል፤ ከውይይቱ ቀን አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ነው።