ፊልሙን ከፖለቲካ «የሚጠብቁት» ሰዎች ፊልሙን አይተውታል?

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የ«ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ» ተረታዊ ፊልም ተዋንያን እሑድ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2020፣ በየቤታቸው ካሜራ ፊት ተቀምጠው የፊልሙን ስክሪፕት በኢንተርኔት በቀጥታ አነበቡ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ታደመ፤ ለዊስኮንሰን ዴሞክራቲክ ፓርቲም ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ዝግጅቱ ገና ሳይካሄድ ግን የቅሬታ ዶፍ ወርዶበት ነበር። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የቴክሳሱ ሪፐብሊካን ሴናተር የቴድ ክሩዝ ድምፅ ነው። የፊልሙን አባባሎች በቃላቸው የሚወጡት ሴናተር፣ ይህን እንከን የለሽ ፊልም ከሆሊውድ ፖለቲካ ጠብቆ ማቆየት የሚሻ አድናቂ ሁሉ ተቃውሞውን እንዲያሰማ በትዊተር ጥሪ አቀረቡ። ጥሪያቸውን ተከትሎ ራሱን የፊልሙ ዘበኛ አድርጎ የሾመ ሁሉ «ልጅነቴን በፖለቲካ አታቆሽሹብኝ» እያለ ማልቀሱን ቀጠለ።

ከተሰነዘሩት ተቃውሞዎች ሁሉ ደካማው ይህ ስለሆነ፣ ከእርሱ እንጀምር። ፊልሙ ከፖለቲካ የጸዳ ነው የሚለው አቤቱታ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ አቤት ባዮቹ በእርግጥ ፊልሙን ተመልክተውታል? ወይስ የሚያስታውሱት ሰይፉን፣ መሳሙንና ቀልዱን ብቻ ነው?

ታሪኩ እንዲህ ነው። የፍሎሪን ልዑል ሀምፐርዲንክ ከጎረቤት አገር ከጊልደር ጋር ጦርነት መክፈት ይፈልጋል፤ ሰበብ ግን አላገኘም። ስለዚህ ባተርካፕ የተባለች የገጠር ልጅ፣ እንደማትወደው እያወቀ፣ ሕግ በሰጠው መብት ለሚስትነት ይመርጣል፤ ሕዝቡም እንዲወዳት ያደርጋል። ከዚያም በምስጢር በቀጠራቸው ሰዎች ያስጠልፋታል። ጠላፊዎቹ ከጊልደር መኮንን የደንብ ልብስ የተቀደደ ጨርቅ በፈረሷ ኮርቻ ላይ ይሰኩና ፈረሱን ወደ ቤተ መንግሥት ይለቁታል፤ ጨርቁ በሐሰት እንዲመሰክር ማለት ነው። ሬሳዋ ደግሞ በጊልደር ድንበር ላይ እንዲገኝ ታቅዷል። የጠላፊዎቹ አለቃ ቪዚኒ የተቀጠረው ጦርነት ለማስጀመር እንደሆነ በግልጽ ይናገራል፤ እንዲያውም ሥራው ረጅም ታሪክ ያለውና የተከበረ ሙያ መሆኑን በኩራት ያስረዳል። ይህንን ንግግር ሰምቶ የሳቀ፣ ነገር ግን ስለ ምን እንደሳቀ ያልገባው ሰው እንዴት የፊልሙ ጠባቂ ሊሆን ይችላል?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የመጀመሪያው ሴራ ሲከሽፍ ልዑሉ ሙሽራይቱን በሠርጋቸው ሌሊት በገዛ እጁ አንቆ ሊገድልና ወንጀሉን በጊልደር ላይ ሊያላክክ ይወስናል። ለዚህም የሕግ አስከባሪዎቹን አለቃ ጠርቶ፣ ከጊልደር የተላኩ ነፍሰ ገዳዮች በሌቦች ጫካ ውስጥ መሽገዋል ይለዋል። አለቃው ሰላዮቹ እንዲህ ያለ ወሬ እንዳልሰሙ ይመልሳል። ልዑሉ ግን መረጃ አያስፈልገውም፤ ጫካው እንዲጸዳ፣ በውስጡ የተገኘውም ሁሉ እንዲታሰር፣ ለዚሁም ሥራ ጨካኝ ጉልበተኞች እንዲመለመሉ ያዛል። የሌለ ጠላት መፍጠር፣ በስሙ ማሰር፣ ከዚያም በሠርግ ከበሮ መሸፈን፤ ይህ ፖለቲካ ካልሆነ ፖለቲካ ምን እንደሆነ ሴናተሩ ቢያስረዱን እናመሰግናቸው ነበር። በከርሰ ምድር እስር ቤት ደግሞ የልዑሉ ታማኝ መስፍን ሩገን በሠራው ማሽን የእስረኛውን ዕድሜ እየመጠጠ፣ ምን እንደተሰማው በትሕትና ይጠይቀውና መልሱን በማስታወሻ ደብተሩ ይመዘግባል። ማሰቃየትን እንደ መደበኛ የቢሮ ሥራ የሚያሳይ ትዕይንት በልጆች ፊልም ውስጥ የገባው በስሕተት አይመስለኝም። የፊልሙን ስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1973 ካሳተሙት ልብ ወለድ የጻፉት ዊልያም ጎልድማን ቃላት የሚያባክኑ ደራሲ አልነበሩም።

በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የበለጠ ፖለቲካዊ የሆነው ቦታ የታመመው ልጅ አልጋ ነው። የፊልሙ ታሪክ አያቱ አጠገቡ ተቀምጦ ከመጽሐፍ የሚያነብለት ነው፤ ልጁም ድንገት ያቋርጠውና ሀምፐርዲንክን ማን እንደሚገድለው ይጠይቃል። አያቱ ማንም አይገድለውም፣ በሕይወት ይኖራል ይለዋል። ልጁ ይቆጣል፤ እንግዲያውስ ልዑሉ አሸነፈ ማለት ነው፣ ታዲያ ይህን ታሪክ ለምን ታነብልኛለህ እያለ ይሟገተዋል። አንድ ሕፃን፣ ክፉ ገዥ ሳይቀጣ ሊቀር እንደሚችል በመጀመሪያ የሚረዳበትን ቅጽበት ይህን ያህል በግልጽ ያሳየ ሌላ የቤተሰብ ፊልም አላውቅም፤ የለም ብል ደፋር አልባልም። ያንን ልጅ ሆነው ያደጉ ሰዎች ዛሬ አድገው «ፖለቲካ አታስገቡብን» ሲሉ መስማት ያስገርማል። ፖለቲካው እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በፊልሙ ውስጥ ነበር፤ ያልነበረው የእነርሱ ትኩረት ነው።

ሴናተሩን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ፊልሙን ቀድመው ወደ ምርጫ መድረክ ይዘውት የወጡት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ለፕሬዚዳንትነት በተወዳደሩበት ወቅት አባቱን የገደለበትን ሰው የሚያሳድደውን የፊልሙን ሰይፈኛ፣ የኢኒጎ ሞንቶያን የበቀል ንግግር በደጋፊዎቻቸው ፊት እያስመሰሉ ሲያቀርቡ፣ ስለ ፊልሙ ንጽሕና የተጨነቀ የእርሳቸው ደጋፊ አልተሰማም። ኢኒጎን የተጫወቱት ማንዲ ፓቲንኪን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ለኒውዮርክ ታይምስ በሰጡት ቃል፣ ክሩዝ ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንደሚዘሉ ተናግረው ነበር። ይህቺም ኢኒጎ በመጨረሻ፣ በበቀል ሥራ ብዙ ዘመን ስለቆየ አሁን ሲያበቃ በቀሪ ሕይወቱ ምን እንደሚያደርግ እንደማያውቅ የሚናገርባት ናት። የፊልሙ ልብ ያለው እርሷ ላይ ነው፤ እርሷን ቆርጦ የጣለ ሰው የፊልሙን ሙሉነት ለመጠበቅ ሲነሣ ማየት አሳፋሪ ነው። ፓቲንኪን ገጸ ባሕርይውን ሠርተውታል፤ ክሩዝ አጥንተውታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አድናቂን ከባለቤት የሚለየው መስመር ነው፤ ሴናተሩም መስመሩን ተሻግረዋል።

ይልቁንም ፊልሙን ከእውነተኛ አደጋ ለመከላከል ቀድመው የተናገሩት ተዋንያኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ታሪኩ እንደገና ሊቀረጽ ይችላል የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ የባተርካፕን ፍቅረኛ ዌስትሊን የተጫወቱት ካሪ ኤልዊስ በዓለም ላይ እንከን የለሽ ፊልም እጥረት እንዳለና ይህንን ማበላሸት እንደሚያሳዝን ጽፈው፣ አድናቂው ሁሉ ጮቤ ረግጦላቸው ነበር። ያኔ የፊልሙ አፍ የነበሩት ሰው ዛሬ ፊልሙን ለምን ዓላማ እንደሚያነቡ ሲወስኑ እንዴት ወራሪ ይሆናሉ?

«ለበጎ አድራጎት ቢሆን ኖሮ ማንም አይቃወምም ነበር» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 ተዋናዩ ጆሽ ጋድ ያሰባሰቧቸው የ«ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ተዋንያን በኢንተርኔት ሲገናኙ የተሰበሰበው ገንዘብ የሄደው ለተራቡ ልጆች መሆኑን በማስረጃነት ይጠቅሳሉ። ያ ዝግጅት መልካም ነበር፤ ክርክሩ ግን ከንቱ ነው። ተዋናይ እንደማንኛውም ዜጋ ድምፅ አለው፤ አንድ ጊዜ መልካም ሥራ ስለተሠራ ሌላው ጊዜ ሁሉ ለዚያ ዓይነት ሥራ ብቻ ይዋል የሚል ግዴታ የለበትም። ዊስኮንሰን እ.ኤ.አ. በ2016 የፕሬዚዳንት ምርጫው ከ23,000 ባነሰ የድምፅ ልዩነት የተወሰነበት ግዛት ነው። እዚያ ላይ ሰው መሰብሰብ የፈለገ ወገን ያለውን ምርጥ ነገር ይዞ ቢቀርብ ምን ይደንቃል? ተቃዋሚዎቹስ የሚወዷቸውን ተዋንያን ሰብስበው ሌላ ፊልም እንዳያነቡ ማን ከለከላቸው?

ትዝታ ተበላሸ የሚለውን ቅሬታ በአጭሩ ልለፈው። ከጠላፊዎቹ አንዱን፣ ግዙፉን ፌዚክን የተጫወቱት አንድሬ ዘ ጃያንት እ.ኤ.አ. በ1993፣ አያትየውን የተጫወቱት ፒተር ፎልክ ደግሞ በ2011 ካረፉ በኋላ ይህ ስብስብ እንደ ድሮው ሊሆን አይችልም። የፌዚክን ቦታ ጆሽ ጋድ፣ የአያትየውን ቦታ ዳይሬክተሩ ሮብ ራይነር ሸፈኑት። ራይነር አባታቸውን ካርል ራይነርን ካጡ ያኔ ገና ሦስት ወር እንኳ አልሞላቸውም ነበር፤ አባትየውም ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት፣ በዚያው ዓመት በየቤቱ በተቀረጸው የፊልሙ ቅጂ ላይ አያት ሆነው፣ ልጃቸው ደግሞ የልጅ ልጅ ሆነው ተጫውተው ነበር። የአባቱን ወንበር ወርሶ ያንኑ መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ ትዝታን ያቆሽሻል ብሎ የሚከስ ሰው ካለ፣ እርሱን ለማሳመን አልሞክርም።

አንድ ቅሬታ ብቻ እቀበላለሁ፤ ከሴናተሩ ሠፈር የመጣ ግን አይደለም። የአሜሪካ ሕግ የውጭ ዜጋ ለፓርቲዎች ገንዘብ እንዳይሰጥ ስለሚከለክል፣ መግቢያው መዋጮ በሆነበት በዚህ ምሽት በሌሎች አገሮች የሚኖረው አድናቂ በሩ ተዘግቶበታል። ፊልሙ በቲያትር ቤቶች ሲታይ መጠነኛ ገበያ ብቻ ነበረው፤ የዛሬውን ስም ያገኘው በየአገሩ ቪዲዮ ካሴቱን እየተቀባበለ ባየው ሰው ነው። አዘጋጆቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ሳይሆን፣ ስላልጠቀማቸው የተዉት ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2020 ድምፅ ተሰጥቶ ካበቃ በኋላ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ምክንያት አልነበረም። ስለዚህ የዚያን የንባብ ምሽት ቅጂ በምርጫው ማግስት፣ ያለ መዋጮና ያለ ቅድመ ሁኔታ፣ ለሁሉም ሊለቁት ይገባ ነበር።