ሞኝና ወረቀት

የመጽሐፍ ሳጥን ሲደርስ መቀስ አይነካውም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ሰብሳቢ ቤት ገብቶ «ልክፈትልሽ?» ካለ ዓመት የማይረሳው ግልምጫ ይጠብቀዋል። ፕላስተሩ የሚሰነጠቀው ከጎን ነው፤ ስለቱ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ከጠለቀ ከሥር የተኛውን ሽፋን ይተለትለዋል። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አራቱ ማዕዘኖች እንደ በዓል በግ ላት ተራ በተራ ይዳሰሳሉ። ጀርባው ወደ መስኮት ተይዞ ይታያል፣ ጠርዙ ላይ የተረጨው ቀለም ዙሪያውን ይመረመራል። ሳጥኑ ይጣላል? አይጣልም፤ «ለመመለስ ካስፈለገ» ተብሎ አልጋ ሥር ይገባል። መጽሐፉስ ይነበባል? እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለጊዜው መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ገና ካልተነበቡት ታላላቆቹ ጎን ይቆማል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት አበው ሁለቱን ለየብቻ ነበር ያሰቧቸው። ሞኙ ወረቀቱን ሲይዝ ምን እንደሚሆን ለማየት አልታደሉም።

አሁን ተራው የሰሜን አውሮፓዎቹ ነው። ደም መጣጩ ቫምፓየር ጡረታ ወጥቶ፣ በእሱ ቦታ የጥንቶቹ ባሕረተኞች የቫይኪንጎቹ አማልክት ዘሮች የፍቅር ልብ ወለዱን መንደር ይዘውታል። መጽሐፉ ከሩቅ ይለያል፤ ወደ 600 ገጽ፣ ውፍረቱ አራት ሴንቲሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 900 ግራም ገደማ። ሲገለጥ በመጀመሪያ ካርታ ይመጣል። በካርታው ሰሜኑ በረዶ ነው፣ ደቡቡ ትንሽ ያነሰ በረዶ ነው፤ በመሃል ሁለት ሦስት ፊዮርድ (በተራሮች መካከል ሰርጎ የገባ የባሕር ክንድ)፣ አንድ ጥቁር ደንና ማንም ሄዶ ያልተመለሰበት ሥፍራ አለ። ጀግናዋ ገጽ 40 ላይ ወደዚያ ትሄዳለች።

ካርታውን ተከትሎ የስሞች አነባበብ መመሪያ አለ፤ የሚያነበው የለም። አንባቢዎች ባለታሪኩን «ያ በ"ህ" የሚጀምረው» እያሉ አምስት ቅጽ ይጨርሳሉ።

እሱ ራሱ ታዲያ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ጠባሳው ቅንድቡን ያቋርጣል፣ ዓይኑን ግን በጨዋነት ዘልሎ ያልፋል። እስከ ገጽ 300 አይስቅም። ገጽ 301 ላይ የከንፈሩ አንድ ጥግ ብቻ ከፍ ይላል፤ አንባቢዋ እዚያ ጋ ሮዝ ተለጣፊ ወረቀት ትለጥፋለች። ሮዝ ለፍቅር፣ ሰማያዊ ለልቅሶ፣ ቀይ ለጦርነት፣ ቢጫ ደግሞ «ይሄ ነገር በኋላ ይመጣል» ለሚል ጥርጣሬ ነው። ተለጣፊው ለዓመታት ከተተወ ሙጫው ወረቀቱ ላይ እንደሚቀር ማስጠንቀቅ የወዳጅ ግዴታ ነው፤ የሚሰማ ግን የለም። ከዚያ ውርጩ ይወርዳል። ማረፊያ ቤቱ ሞልቷል፤ የተረፈው ክፍል አንድ፣ አልጋው አንድ፣ ብርድ ልብሱም አንድ ነው። በዚያ ሁሉ የበረዶ አገር የሚሠሩት ማረፊያ ቤቶች ሁልጊዜ አንድ አልጋ የሚጎድላቸው ለምን እንደሆነ የሚያጣራ አንድ የቱሪዝም ሹም አለመኖሩ ያስገርማል።

ምንጩ ድረስ የወረደ ሰው ግን ሌላ ዓለም ያገኛል። አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በ1220 እ.ኤ.አ. ገደማ ባሰባሰበው ተረትና በአሮጌዎቹ ግጥሞች ውስጥ ያለው ፍቅር በሮዝ ተለጣፊ የሚመዘገብ ዓይነት አይደለም።

ከግዙፋኑ ዘር የሆነችውን የስካዲን ነገር እንውሰድ። አማልክቱ አባቷን ገደሉባት፤ የራስ ቁሯን ደፍታ፣ ጦሯን ይዛ ደም ልትመልስ መጣች። ነገሩ በሽምግልና ተያዘና ካሳ ተቆረጠላት፤ ከአማልክቱ መካከል ባል ትምረጥ፣ ነገር ግን የምታየው እግራቸውን ብቻ ይሁን። መልከ መልካሙን ባልደርን አስባ ከሁሉ ያማረውን እግር መረጠች። የእግሩ ባለቤት ግን የባሕሩ አምላክ ሽማግሌው ኒዮርድ ሆኖ ተገኘ። ሌላው የካሳው ክፍል እሷን ማሳቅ ነበር፤ ተንኮለኛው ሎኪ የገመዱን አንድ ጫፍ በፍየል ጢም፣ ሌላውን ጫፍ በጨዋ ቋንቋ ከማይጠራ የገዛ አካሉ ላይ አስሮ ጉተታ ገጠመ። ሳቀች። ትዳሩ ግን አልሰመረም። እሷ ተራራዋን፣ እሱ ባሕሩን ስለወደዱ ዘጠኝ ሌሊት እዚያ፣ ከዚያ ደግሞ እዚህ እንዲያድሩ ተስማሙ። እሱ የተኩላው ጩኸት፣ እሷ የባሕር ወፉ ጩኸት እንቅልፍ ነሳቸውና ተለያዩ። ሙግት የላቸው፣ ጠብ የላቸው፤ ጉዳዩ የመኖሪያ ሰፈር ብቻ ነበር። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ተረት አይመስልም፤ አያትና ጀሞ ላይ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ባልና ሚስት ያውቁታል።

አምላኩ ፍሬይር ደግሞ ገርድ የምትባለውን ቆንጆ ከሩቅ አይቶ ምግብና እንቅልፍ አጣ። ምን አደረገ? እንደ ወጉ ሽማግሌ ላከ! ሽማግሌው ስኪርኒር ግን «ለቤተሰብ ብዬ» አላለም፤ ፈረስህንና በራሱ የሚዋጋውን ሰይፍህን ስጠኝ አለ፤ ተሰጠው። ሄዶ 11 የወርቅ ፖም ጥሎሽ አቀረበ፤ እምቢ አለች። በየዘጠነኛው ሌሊት ስምንት አዳዲስ ቀለበት የሚያንጠባጥበውን ቀለበት ጨመረ፤ ወርቅ የአባቴ ቤት ሞልቷል አለች። ከዚህ በኋላ ሽማግሌው ሽማግሌነቱን ረስቶ እርግማኑን ሲያወርደው እሺ አለች፤ እሱም ከዘጠኝ ሌሊት በኋላ። የቀጠሮዋን ርዝመት የሰማው ፍሬይር አንዷ ሌሊት ረጅም ናት፣ ሁለቱ ከዚያ ይረዝማሉ፣ ሦስቱንስ እንዴት እችላለሁ ብሎ አለቀሰ። ሰይፉን በሽማግሌ አበል መልክ በመክፈሉም በዓለም ፍጻሜ ጦርነት ላይ ባዶ እጁን ቆሞ ይሞታል። የዛሬው ልብ ወለድ ይህን ገጸ ባሕርይ ወስዶ ጥቁር ካባ ያለብሰውና ፈረሱንም ሰይፉንም ይመልስለታል፤ ሽማግሌውን ግን ያስቀረዋል። ስህተት ነው። የታሪኩ ሁሉ ቅመም ሽማግሌው ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የነጎድጓዱ አምላክ የቶር ሠርግ ነው። ትሪም የተባለ ግዙፍ ፍጡር የቶርን መዶሻ ሰርቆ ስምንት ምዕራፍ መንገድ ያህል ከምድር በታች ቀበረና «ፍሬያን ዳሩልኝ፣ እመልሳለሁ» አለ። የፍቅር አምላኳ ፍሬያ ይህን ስትሰማ በንዴት ስታናፋ የአንገት ሐብሏ ተበጠሰ። ስለዚህ ቶር ራሱ፣ ጢሙን በዓይነ ርግብ ሸፍኖ፣ የፍሬያን ሐብል አጥልቆ፣ ሎኪን በሚዜነት ይዞ ሙሽራ ሆኖ ሄደ። በግብዣው ላይ ሙሽሪት አንድ በሬና ስምንት ሳልሞን በላች፤ ሦስት በርሜል ጠጅ ጠጣች። ጠጅ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእነሱም መጠጥ ውሃና ማር ፈልቶ ነው፣ የቀረው ጌሾው ብቻ። ሙሽራው ደነገጠ። «ወዳንተ ለመምጣት ስትጓጓ ስምንት ሌሊት እህል አልቀመሰችም» አለች ሚዜዋ። ሊስማት ዓይነ ርግቡን ቢገልጥ ዓይኗ እሳት ነው፤ «ስምንት ሌሊት አልተኛችም» ተባለ። ሙሽሪትን ለመባረክ መዶሻው ጉልበቷ ላይ ሲቀመጥ ግን ሠርጉ ወደ ልቅሶ ቤት ተዛወረ። ይህን የሚስተካከል ትዕይንት ያለው አዲስ ልብ ወለድ ቢታተም ጠርዙ ቀለም ባይረጭበትም ይገዛ ነበር።

የጀግናው ጠረንም ሲያከራክር ይኖራል። በልብ ወለዱ ሁልጊዜ የጥድ፣ የጭስና የበረዶ ሽታ አለው። (በረዶ ምን ምን ይሸታል?) በ922 እ.ኤ.አ. ከባግዳድ ተልኮ ቮልጋ ወንዝ ዳር ሩስ የተባሉትን የሰሜን ነጋዴዎች ያየው ኢብን ፋድላን ቁመናቸውን ከቴምር ዛፍ ጋር ካመሳሰለ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ሁሉም በአንድ ገበታ ውሃ ተራ በተራ እየታጠቡ፣ ያውም እየተናፈጡበት፣ እንደሚያስተላልፉት ጽፏል። በሌላ በኩል በ13ኛው ክፍለ ዘመን አንድ እንግሊዛዊ ዜና ጸሐፊ ዴንማርኮቹን የከሰሳቸው ጸጉራቸውን በየቀኑ እያበጠሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገላቸውን እየታጠቡና ልብስ እየቀያየሩ የሰው ሚስት ያማልላሉ ብሎ ነው። አይስላንዶች ዛሬም ቅዳሜን «የመታጠቢያ ቀን» ይሉታል። ስለዚህ ጀግናው ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ባለው ምዕራፍ ጥድ ጥድ ቢሸት ይታመናል። ከሐሙስ ወዲህ ግን ደራሲዋ ትጠንቀቅ።

ቀንድ ያለው የራስ ቁር ከተነሳ አጭሩ መልስ አልነበረም ነው፤ በ1876 እ.ኤ.አ. በጀርመን ባይሮይት ላይ ለሙዚቃ ደራሲው ቫግነር ኦፔራ ልብስ የነደፈው ካርል ኤሚል ዶፕለር ነው ያስፋፋው። በጀግናው ደረት ላይ የተነቀሰው «የቫይኪንጎች ኮምፓስ» ቬግቪሲርም የተገኘው በ1860 እ.ኤ.አ. አይስላንድ ውስጥ በተጠናቀረ የእጅ ጽሑፍ ላይ ነው፤ ከቫይኪንጎቹ ስምንት መቶ ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው። በየምዕራፉ አናት እንደ ጥቁር አስማት የሚታተመው የቫይኪንጎቹ የሩን ፊደልስ? በ1955 እ.ኤ.አ. የኖርዌይ ከተማ በርገን የወደብ ሰፈር ከተቃጠለ በኋላ በተካሄደው ቁፋሮ ከ600 በላይ የሩን ጽሑፎች ወጡ፤ ብዙዎቹ የባለንብረት ስምና የዕለት ወሬ ናቸው። አንዱ «ፍቅሬ ሆይ፣ ሳሚኝ» ይላል። ሌላው እንጨት ላይ ደግሞ እንዲህ ተቀርጿል፦ «ጊዳ ወደ ቤትህ ግባ ብላለች»። ከሁለቱ የትኛው ከመጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ እንደሚነበብ ያገባ ሰው አይጠፋውም።

ወደ መደርደሪያው እንመለስ። ሰብሳቢዋ አንዱን ድርሰት አምስት ጊዜ ትገዛለች፤ ስስ ሽፋኑን ለማንበብ፣ ጠንካራውን ለመደርደር፣ ልዩ እትሙን ላለመንካት፣ ዲጂታሉን ለሌሊት፣ የድምፁን ለሥራ መንገድ። ጀግናው በአምስቱም አይስቅም።

ልዩ እትም የራሱ ጣጣ አለው። የተረጨው ቀለም ሲደርቅ ቅጠሎቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ በችኮላ የተገለጠ እንደሆነ ጠርዙ ይቦጫጨቅና ነጭ ነጭ ጥርስ ያበቅላል። መፍትሔው ቅጠሎቹን አሥር አሥር እየያዙ በአውራ ጣት ቀስ ብሎ እያራገቡ ማላቀቅ ነው። ከዚያ መጽሐፉን በጀርባው ጠረጴዛ ላይ ማቆም፣ ሁለቱን ሽፋኖች ግራና ቀኝ ማስተኛት፤ ከፊት ጥቂት ቅጠል፣ ከኋላ ጥቂት ቅጠል እያፈራረቁ እስከ መሃል ድረስ ጫን ጫን ማድረግ። ከመሃል የጀመረ ጀርባውን ይሰብረዋል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በተገለጠ ቁጥር እዚያችው ገጽ ላይ ይከፈታል። የተከፈተበት ገጽ ደግሞ ሁልጊዜ አማት እያዩ የማይከፈተው ነው።

መስኮት ፊት ለፊት መደርደርም ክልክል ነው፤ ፀሐይ የጀርባውን ቀይና ሮዝ ቀለም አስቀድማ ትበላለች። የመደርደሪያውን ሂሳብ ግን የሚሠራ ጥቂት ነው። 80 ሴንቲሜትር ጣውላ ላይ አራት ተኩል ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው 17 መጽሐፎች ይቆማሉ፤ 15 ኪሎ ገደማ። ቦታ ሲጠብ ከኋላ ሌላ ረድፍ ይገባል፤ 30 ኪሎ። የተጨመቀ እንጨት ዱቄት የሆነው ጣውላ በዚህ ጊዜ እንደ ደከመ በቅሎ መሃሉ ይጎብጣል። ገልብጦ እብጠቱን ወደ ላይ ማድረግ ለጊዜው ይረዳል፤ እውነተኛው መድኃኒት ከመሃል ድጋፍ ማቆም ነው። መጽሐፍ መቀነስ የሚል ሦስተኛ አማራጭ እንዳለ የሚወራው ውሸት ነው።

አዲስ አበባ ላሉ ሰብሳቢዎች ደግሞ መደርደሪያው የሚጀምረው ከሰው ሻንጣ ነው። «እትዬ፣ ከአሜሪካ ስትመጪ አንዲት መጽሐፍ ብቻ!» ይባላል። አንዲቷ 900 ግራም ናት፤ ተከታታይዋ ሦስት ቅጽ መሆኗ የሚነገረው ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው። 23 ኪሎ ከሚፈቀደው ሻንጣ አራቱ የሻንጣው የራሱ ክብደት ሲሆን፣ በቀረው 19 ኪሎ 21 ባለ ጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ ይገባል፤ ጫማና ሽቶ ባይኖሩ ኖሮ። ያው ሻንጣ ባለፈው ጉዞ በርበሬና ሽሮ ይዞ የሄደ ነው። በዚህ መንገድ የመጣ መጽሐፍ ውስጥ ጀግናው ጥድና ጭስ መሽተቱን ትቶ ድልህ ይሸታል፤ ለነገሩ ተሻሽሏል።

ወጪው ሲከብድ የግዢ ጾም ይታወጃል። እንደ ማንኛውም ጾም የሚያስፈስክ ቀዳዳ አያጣም፦ የተጀመረን ተከታታይ መጨረስ ጾም አይገድፍም፣ ያገለገለ መጽሐፍ ሥጋ አይባልም፣ ቅድመ ትዕዛዝ ደግሞ ገንዘቡ ዛሬ ቢወጣም መጽሐፉ ከስምንት ወር በኋላ ስለሚመጣ ገና አልተበላም። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ላሟ ቀድሞ ተከፍሎባታል። የምትወለድበት ቀንም ሁለት ጊዜ ተራዝሟል።

ቅጽ ሦስት በመጣ ጊዜ ታሪኩ ተንዘላዝሎ ከተገኘ ጥፋቱ የአማልክቱ አለቃ የኦዲን ነው። የጠጣውን ሁሉ ገጣሚ የሚያደርገውን የግጥም ጠጅ ለመስረቅ ጠባቂዋን ጉንሎድን አሞኝቶ ሦስት ሌሊት ከእሷ ጋር አደረ፤ በሦስት ጉንጭ ሦስቱን ዕቃ ጨልጦ ንስር ሆኖ በረረ። አባቷ ሲያሳድደው ግን ከጭንቀት ብዛት ጥቂቱ በኋላው በኩል አመለጠው። በአፉ የተፋው ለጥሩ ገጣሚዎች ሆነ፤ በኋላ የወጣው ደግሞ ለማንም የተፈቀደ የመጥፎ ገጣሚዎች ድርሻ ነው። አንዳንድ ባለ 600 ገጽ ቅጽ ከየትኛው ዕቃ እንደተቀዳ ሰብሳቢዋ ገጽ 50 ላይ ታውቃለች። ግን ጠርዙ በጣም ያምራል፤ ስብስቡም እንዳይጎድል ቅጽ አራት ታዝዟል።

ማዋስን በተመለከተ አቋሙ ግልጽ ነው፤ ስስ ሽፋኑ ብቻ፣ ያውም ስም ተመዝግቦ። የአሮጌዎቹ ግጥሞች ዋና ብራና ዛሬ 45 ቅጠል የቀረው ትንሽ መጽሐፍ ነው። በ1662 እ.ኤ.አ. አንድ የአይስላንድ ጳጳስ ለዴንማርክ ንጉሥ በስጦታ ላኩት፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1971 ነው፣ ያውም በአውሮፕላን አናምነውም ተብሎ በጦር መርከብ። 309 ዓመት መሆኑ ነው። በዚህ ሂሳብ በ2017 ለፋሲካ «ነገ እመልሳለሁ» ተብሎ የሄደው ቅጽ አንድ እስከ 2326 ድረስ ዘገየ አይባልም።