የኤልዛቤት ዘመን ትራጄዲ፦ ለተማሪው ትዕይንቱ ይቅደም ወይስ ዘይቤው?

የክርክሩ ጭብጥ፦ በቀዳማዊት ኤልዛቤት ዘመነ መንግሥት (ከ1558 እስከ 1603 እ.ኤ.አ.) የተጻፉ ትራጄዲዎችን (በአሳዛኝ ፍጻሜ የሚያልቁ ተውኔቶችን) ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስናስተዋውቅ የሥነ ጽሑፍ ዘዴዎቹን አስቀድመን እናስተምር ወይስ በቀጥታ ወደ ተውኔቱ እንግባ? የሼክስፒርን ተውኔቶች ማክቤዝንና ንጉሥ ሊርን በዚሁ ርዕስ ሥር የሚያስተምሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሁለቱ ግን የተጻፉት ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ በንጉሥ ጄምስ ጊዜ ስለሆነ ከክርክሩ ውጭ ሆነዋል። ተከራካሪዎቹ አንድ የትያትር መምህርና አንዲት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህርት ናቸው።

የትያትር መምህሩ፦

የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። መምህሩ ይገባል፤ ሰሌዳው ላይ “ተለዋጭ፣ ተነጻጻሪ፣ ሰውኛ፣ ምጸት፣ ንግር” ብሎ ይደረድራል፤ ለየአንዳንዱ ብያኔ ያጽፋል። ተውኔቱ ሲደርስ ተማሪው የሚያነበው ታሪኩ ይዞት ሳይሆን ዘይቤ ሊለቅም ነው። ለቅሞ ሲያበቃ ማን እንደሞተ እንኳ አያስታውስም።

እኔ የምለው በሼክስፒር ሐምሌት የመጀመሪያ ስንኝ ጀምሩ ነው። እኩለ ሌሊት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ዘብ በቤተ መንግሥት ጥበቃ ላይ ቆሟል። ተረኛው ሊተካው ይመጣና “ማነው እዚያ?” ይላል። ልብ በሉ፤ “ማነው?” ማለት የነበረበት ጠባቂው ነው፤ የጠየቀው ግን መጪው ነው። የቆመው ዘብም “የለም፣ አንተ መልስልኝ! ቁምና ማንነትህን ግለጥ” ይለዋል። ሁለት ተማሪ አስነሡና ይህን ያሠሯቸው፤ እንግሊዝኛው ከከበዳቸው መጀመሪያ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ይሞክሩት። በዚያ ቤተ መንግሥት ማን ማንን እንደሚጠብቅ የጠፋበት ነገር እንዳለ ወዲያው ይገባቸዋል።

ከዚያ አንድ ነገር ንገሯቸው፤ ይህ ትዕይንት ለንደን ውስጥ ሲታይ ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነበር። በ1599 በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ዳር የተሠራው የግሎብ ትያትር ቤት መሐሉ ክፍት ነው፤ መብራት ማጥፋት የሚባል ነገር የለም። አንድ ፔኒ ከፍሎ መሬት ላይ የቆመው ተመልካች የቀን ብርሃን እየወረደበት ሌሊቱን የሚያየው በተዋናዮቹ ቃል ብቻ ነው። ይህን የሰማ ተማሪ ምስል ከሳች ቃል ምን እንደሚሠራ አየ፤ ብያኔው ከዚያ በኋላ ቢመጣ ያርፍለታል።

የእንግሊዝኛ መምህርቷ፦

ወንድሜ፣ የዘቦቹን ትዕይንት እኔም ክፍል ውስጥ አሠራዋለሁ። ግን ምሳሌውን ሲመርጡ ለራስዎ አድልተዋል። ፍርሃት ማንም ሳያስረዳን ይሰማናል። ሳይነግሩን የማይሰማንን አንድ ላምጣ።

በሼክስፒር ተውኔት ሮሜዎና ዡልየት በእሷ አባት በካፑሌት ቤት ግብዣ መጀመሪያ ሲነጋገሩ እሱ አራት ስንኝ ይላል፤ እጇን ቅዱስ ስፍራ፣ የራሱን ከንፈሮች ሁለት ተሳላሚዎች አድርጎ። እሷም ያንኑ የተሳላሚ ነገር አንሥታ በአራት ስንኝ ትመልስለታለች። ከዚያ አንድ ሁለት ስንኝ እየተቀባበሉ ይሄዱና አሥራ አራተኛው ላይ ይሳሳማሉ። ቤት አመታቱ የተጠበቀ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የጨረሰው ሙሉ ሶኔት፣ ማለትም ባለ አሥራ አራት ስንኝ ግጥም ነው። ወዲያው ሌላ ይጀምራሉ። አራት ስንኝ እንደሄዱ ሞግዚቷ መጥታ እናትሽ ይፈልጉሻል ትላታለች። ሁለተኛው ሶኔት ተቆርጦ ይቀራል።

የሁለቱ ዕጣ ከዚያች መቋረጥ ጀምሮ ይታያል። ሶኔት ስንት ስንኝ እንዳለው ያልተማረ ልጅ ግን የሚያየው መሳሳሙን ነው። ክፍሉ ይሥቃል፤ ደወል ይደወላል። ድራማውን የሠራው ቅርጹ ከሆነ ቅርጹን ሳያውቁ ድራማውን አዩት ማለት ይከብደኛል።

የትያትር መምህሩ፦

እህቴ፣ የሚቆጠር ነገር ከሆነ ራሳቸው ይቁጠሩት። የክሪስቶፈር ማርሎውን ዶክተር ፋውስተስ ይውሰዱ። ሰውየው ለ24 ዓመት ሥልጣን ነፍሱን ለሉሲፈር ሸጧል፤ ዘመኑ አልቆ በመጨረሻው ሌሊት ብቻውን ቀርቷል። የመድረኩ ሰዓት አሥራ አንዱን ይደውላል፤ በእኛ ከምሽቱ አምስት ሰዓት መሆኑ ነው። ሰማያትን ቁሙ እያለ፣ ተራሮችን ውደቁብኝና ሰውሩኝ እያለ ሲለምን ግማሽ ሰዓቱ ይደወላል፤ ቀጥሎ እኩለ ሌሊቱ።

ተማሪዎቹ በየደወሉ መካከል ያለውን ስንኝ ይቁጠሩ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሠላሳ ስንኝ ገደማ ይፈጃል፤ ሁለተኛው ሃያ ገደማ። ከኋላ ወንበር አንዱ “ሰዓቱ እየፈጠነበት ነው!” ሲል “ብቻውን ሆኖ ለራሱ መናገሩን ሶሊሎኪ ይሉታል፤ ጸሐፊው ጊዜን እንዲህ ይጨምቃል” ብለው ስሙን ይስጡት።

የእንግሊዝኛ መምህርቷ፦

በመረጡት ንግግር እገባለሁ። እዚያው መሐል ፋውስተስ በላቲን “ሌንቴ፣ ሌንቴ ኩሪቴ፣ ኖክቲስ ኤኩዊ” ይላል፤ የሌሊት ፈረሶች ሆይ፣ ቀስ ብላችሁ ሩጡ። ስንኙ የሮማዊው ባለቅኔ የኦቪድ ነው። ኦቪድ በፍቅር ግጥሙ የንጋትን አምላክ ይወቅሳታል፤ የምትወጂውን አቅፈሽ ቢሆን አንቺም “የሌሊት ፈረሶች፣ ቀስ በሉ” ባልሽ ነበር ይላታል። ማርሎው የፍቅረኛን ልመና ወስዶ ሲኦል በሚጠብቀው ሰው አፍ ውስጥ ከተተው። ይህ ምጸት በመቁጠር አይገኝም፤ ነግረነው የሚሰማ ነው።

የትያትር መምህሩ፦

እነግራቸዋለሁ፤ እኩለ ሌሊቱ ከደወለ በኋላ። አንድ ጊዜ ፈርተው ይስሙት፣ ኦቪድን ልንገራቸው፣ ከዚያ ደግመን እናንብበው። ሁለተኛው ንባብ ላይ ያች ስንኝ ስትመጣ ክፍሉ ዝም ይላል። አስቀድሜ ብነግራቸው ግን እሷን ሲጠብቁ የቀረውን አይሰሙትም።

የእንግሊዝኛ መምህርቷ፦

በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሁለት ጊዜ ያነባሉ? አምስት ገቢር ያለውን ተውኔት?

የትያትር መምህሩ፦

ሙሉውን አላነብም። ከአንድ ተውኔት ሦስት ትዕይንት ይበቃኛል፤ ተነሥተው የሚሠሩት፣ ሁለት ጊዜ የሚነበብ። የቀረውን ታሪክ በቃሌ እነግራቸዋለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህርቷ፦

እንግዲያው የተለያየነው እዚህ ነው። ሐምሌት የአባቱን ገዳይ ከመጀመሪያው ገቢር ጀምሮ ያውቃል፤ የሚገድለው በአምስተኛው ነው። ገዳዩ ንጉሥ ተንበርክኮ ብቻውን ሊጸልይ ሲሞክር ሰይፉን መዝዞ ከኋላው ይቆምና ይተወዋል። ተማሪው በዚያ መዘግየት የሚናደደው ከሐምሌት ጋር ገቢር በገቢር ሲጓዝ ነው። እርስዎ በቃልዎ “ሐምሌት ይዘገያል” ካሏቸው፣ ሰሌዳው ላይ ብያኔ ከሚያጽፈው መምህር በምን ተለዩ?