ባዶ ክፍሎችና የተቃጠሉ ደብተሮች

አምስተርዳም በሚገኘው የአን ፍራንክ ቤት ሙዚየም፣ የዕለት ማስታወሻዋ የታወቀላት አይሁዳዊት ልጅ አን ከቤተሰቧና ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ከናዚዎች በተደበቀችባቸው ክፍሎች ውስጥ የቤት ዕቃ የለም። ስምንቱ አይሁዶች ከተያዙ በኋላ ናዚዎች ዕቃውን ጠራርገው ወሰዱት። ከስምንቱ ብቻቸውን በሕይወት የተመለሱት አባቷ ኦቶ ፍራንክ፣ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ለጎብኚ ሲከፈት ክፍሎቹ ባዷቸውን እንዲቀሩ አደረጉ።

ስለዚህ ጎብኚ የሚያየው ግድግዳ ነው። አን የለጠፈቻቸው የፊልም ተዋንያን ሥዕሎች አሁንም አሉ። ናዚዎችን የሚወጋው የአጋር አገሮች ጦር የፈረንሳይ ጠረፍ በሆነው ኖርማንዲ ከወረደ በኋላ አባቷ ግስጋሴውን በስፒል ምልክት ያደረጉበት ካርታ አለ። ከካርታው ጎን ደግሞ ወላጆች የልጆቻቸውን ቁመት እየለኩ ያሰመሯቸው የእርሳስ መስመሮች ይታያሉ። አን በዚያ ቤት ከ13 ሴንቲ ሜትር በላይ አድጋለች። ቀን ቀን ታች መጋዘኑ ውስጥ ሠራተኞች ስለሚኖሩ የተደበቁት ሰዎች ኮቴያቸው እንዳይሰማ ተጠንቅቀው፣ የመጸዳጃ ቤት ውሃ እንኳን ሳይለቁ በሚውሉበት ቤት ውስጥ ልጅቷ ታድግ ነበር። እዚያ መስመር ፊት ብዙ ቆምኩ።

ታሪኳን ብዙዎች ያውቁታል። በ1929 ፍራንክፈርት ተወለደች፤ ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ቤተሰቧ ወደ ሆላንድ ተሰደደ። ለ13ኛ ዓመት ልደቷ ደብተር ተሰጣት፤ ወር ሳይሞላት እህቷ ማርጎት ለጉልበት ሥራ ተጠራችና ቤተሰቡ ተደበቀ። ነሐሴ 1944 ተያዙ። እህትማማቾቹ በርገን በልሰን በተባለው ማጎሪያ ካምፕ፣ እንግሊዞች ነጻ ሊያወጡት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ በተስቦ ሞቱ። አን ገና 15 ዓመቷ ነበር።

ብዙ ጊዜ የማይነሣው ግን ይህ ነው። መጋቢት 1944 ለንደን የነበረው የሆላንድ ስደተኛ መንግሥት ሚኒስትር በሬዲዮ ለሕዝቡ ተናገረ፤ ተራ ሰው የጻፈውን የዕለት ማስታወሻና ደብዳቤ አስቀምጡ፣ ከጦርነቱ በኋላ ይሰበሰባል አለ። አን ተደብቃ ሰማችው፤ ደብተሯንም ለመጽሐፍ እንዲሆን እንደገና መጻፍ ጀመረች። ከእናቷ ጋር መጣላቷን፣ ጋዜጠኛ ለመሆን መመኘቷን ዛሬ የምናውቀው ያ ወረቀት ስለተረፈ ነው።

አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም የወጣቶች ቤት ነው። ሆሎኮስትና ቀይ ሽብር አንድ አይደሉም። አን የተገደለችው አይሁዳዊት ሆና በመወለዷ ነው፤ አንድን ሕዝብ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ለማጥፋት ታቅዶ 6 ሚሊዮን ሰው አልቋል። የእኛዎቹ የረገፉት በፖለቲካ ነው። ጎን ለጎን የማየው ከልጆቹ በኋላ የተረፈልንን ነው። በእኛ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል፤ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጽሞችና ልብሶች አሉ። አሟሟታቸውን ይነግረናል። ምን ያስቃቸው እንደነበር፣ ከማን ጋር ይጣሉ እንደነበር ግን አይነግረንም።

ሙዚየሙን አልወቅስም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አሰሳ በመጣ ቁጥር ወረቀት ያስገድል ነበር። እናቶች የልጆቻቸውን ደብተርና ደብዳቤ በገዛ እጃቸው ምድጃ ውስጥ ከተቱ። ልጅ ተገድሎ ማልቀስ በተከለከለበት፣ የጥይት ዋጋ ክፈሉ በተባለበት ጊዜ ማን ደብተር ያስቀምጣል?

ሆላንዶችም የሚያኮራ ነገር ብቻ የላቸውም። ከአገሪቱ አይሁዶች ሦስት አራተኛው ያህል ሲያልቁ የራሳቸው ፖሊስና የመንግሥት ሠራተኛ ተባብሯል። ከ102 ሺህ በላይ ስሞች በጡብ ላይ የተቀረጹበት የአምስተርዳም መታሰቢያም የተመረቀው በ2021 ነው። እነሱም ዘግይተዋል። የእኛ ችግር የዚያ ዘመን እናቶች አብዛኞቹ ማለፋቸው፣ ወንድሞችና እህቶችም ማርጀታቸው ነው።

የማውቃቸው አንዲት እትዬ አሉ፤ ታናሽ ወንድማቸው ገና ተማሪ እያለ ተገድሏል። ስለ እሱ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚያወሩት ሬሳው የተገኘበትን ጠዋት ነበር። በቅርቡ፣ “ጠባዩስ እንዴት ነበር?” ብዬ ጠየቅኳቸው። ኳስ ሲሸነፍ እራት አልበላም ብሎ ያኮርፍ እንደነበር፣ የእሳቸውን ሹራብ ሳያስፈቅድ ለብሶ ይወጣ እንደነበር ነገሩኝ። ሲናገሩ ሳቁ። ፈቅደውልኝ ድምፃቸውን ቀዳሁ።

ከቀይ ሽብሩ በፊት ለትምህርት ውጭ የወጡ ሰዎች ከታናናሾቻቸው ደብዳቤ ይደርሳቸው ነበር። አሰሳው ያላገኘው ወረቀት ያ ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ሳጥኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያለው ሰው ቅጂውን ለአዲስ አበባው ሙዚየም ይላክ፤ የፎቶግራፉን ጀርባም ጭምር ያንሣ፤ ልጆቹ በእጃቸው የጻፉት ብዙ ጊዜ እዚያ ነውና።