ምንም ያልሆኑት ይባረኩ

ያለፈው እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ ያልነበራችሁ ሁሉ ትልቅ ነገር አምልጧችኋል። ሰብሳቢው ብድግ ብለው «ወርሃዊ መዋጮው ይጨመር በሚለው ላይ ተቃውሞ ያለው?» አሉ። ጸጥ። «ሐሳብ ያለው?» ጸጥ። «እንግዲያው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ጭብጨባ! ጭብጨባው እዚህ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ስብሰባው አልቆ ገና በሩን እንደወጣን «ማንን አማክረው ነው?» ተጀመረ። አንዱ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት እግሬን አላስገባም» አለ። ሌላው «እኔማ ድሮም ሰውየው አይጥሙኝም» ብሎ ፊቱን አጨፈገገ። ውስጥ እጁ እስኪላጥ ያጨበጨበው እሱ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። እኔ ግን ምስጋና ላቀርብ ነው የመጣሁት። እነዚህ ሰዎች እኮ የሰላማችን ዋልታ ናቸው። ፊት ለፊት «አይሆንም» ብሎ ከመቀያየም፣ «እሺ» ብሎ መጥፋት ምን አለበት? እሺ ይበልጣል ከሺ ብለዋል አባቶች። እሺ ካልክ በኋላ ስልክህን ዝጋ የሚለውን ግን አባቶች አላሉም። እሱ የእኛ ጭማሪ ነው።

ደግሞ የእኛ አገር ብርድም ያግዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ጠዋት በዚያ ውርጭ አፍ ከፍቶ የሆድን ማውጣት ለጉንፋን ነው የሚዳርገው። ጋቢን እስከ አፍንጫ ስቦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ይሻላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው ከተማዋን የቆረቆሩት ይባላል። ብርሃኑ ሰማዩን አሳየን። እርስ በርስ ለመተያየት ሌላ መብራት ሳያስፈልገን አልቀረም።

የእሺ ሊቃውንት ብዙ ዓይነት ናቸው። «አልችልም» ላለማለት «ነገ ና» የሚለው ባለሙያ አለ። ነገ ስትሄድ «ሰኞ ና» ይልሃል። በትህትና ነው፤ ወንበር ሁሉ ይስብልሃል። ብድር ስትጠይቀው «አንተ ብቻ ጤና ሁን» የሚልህ አለ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያይህ ወደ ቅያስ ይታጠፋል። ቡና ቤት ውስጥ ሂሳቡን እኔ ልክፈል ስትለው እጅህን ጠምዝዞ ከፍሎ፣ ወር ሙሉ «እንዴት ዝም ብሎ አስከፈለኝ» እያለ ሲያማህ የሚከርም አለ። ቴሌግራም ላይ ሌሊቱን ሙሉ ኦንላይን ሆኖ ያንተን መልእክት ብቻ የማያየው ደግሞ አለ። ብትጠይቀው ኔትወርክ ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን የአንድ ወዳጄን የስልጆ ታሪክ ነው። እሱን ሳልተርክ ባልፍ እቀየማለሁ። መቀየሜንም አልነግራችሁም።

ወዳጄ ሚስት ያገባው ከመንዝ ነው። መጀመሪያ አማቾቹ ቤት መሐል ሜዳ የሄደ ጊዜ ሁዳዴ ነበር። አማቱ ስልጆ አቀረቡ። የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውኃ ተሠርቶ፣ ሰናፍጩና ነጭ ሽንኩርቱ ገብቶበት፣ ጤና አዳሙ ተጨምሮ፣ ለቀናት ተብላልቶ የወጣ፣ አፍንጫን በርግዶ ገብቶ አናት ላይ የሚፈነዳ ስልጆ። ወዳጄ ሰናፍጭ አይወድም። ከልጅነቱ ጀምሮ አይወድም። ግን እንባውን እየጠረገ «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ግሩም ስልጆ በልቼ አላውቅም!» አለ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ በፊት ስልጆ በልቶ አያውቅም።

አለቀለት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ፣ ዐቢይ ጾም በገባ ማግሥት፣ ከመሐል ሜዳ አንድ ማሰሮ ስልጆ በቅጥቅጥ ይጫናል። በሞላሌ አድርጎ፣ ጣርማ በርን ይዞ፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ይገባል። ረዳቱ ይደውላል። «ጋሼ፣ ያቺ የሚወዷት ነገር መጥታለች!» ረዳቱ ሳይቀር ያውቃል። ወዳጄ ሄዶ ይቀበላል፣ ጉርሻ ይሰጣል፣ ማሰሮውን አቅፎ እየተማረረ ይመለሳል። ማሰሮው አፉ የሚታሰረው ከአማቱ አሮጌ ነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ነው፤ አረንጓዴ ጥለት አለው። ይቺን ጥለት ያዙልኝ።

ሚስቱም ስልጆ አትበላም። ግን እናቴ የላከችውን እንዴት ይጣላል? ስለዚህ ወዳጄ ማሰሮውን ለመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሰጠው። ጥበቃው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ነፍሴ ናት!» አለ። ጥበቃው ጨጓራ አለበት። ለአከራዩ ሰጣት። አከራይቱ ሰናፍጭ ሲሸታት ያስነጥሳታል። «አበስኩ ገበርኩ፣ ይህን የመሰለ ነገር!» ብላ ተቀበለችና ለማኅበር ጓደኛዋ ላከችው። የማኅበር ጓደኛዋ ቤቷ የራሷ ሁለት ማሰሮ ስልጆ ነበራት፤ እሱንም የሚበላ አጥታለች። ግን ስጦታ አይመለስም። አመስግና ተቀብላ ለንስሐ አባቷ አበረከተች። ንስሐ አባቷ ደግሞ፣ እንደ እግዜር ፈቃድ፣ የወዳጄም ንስሐ አባት ናቸው።

አባታችን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወዳጄ ቤት ማሰሮ ይዘው ገቡ። «ልጄ፣ አንተ ስልጆ እንደምትወድ ስሰማ ለማንም አልሰጥም ብዬ ለአንተ አመጣሁልህ።» ወዳጄ አረንጓዴውን ጥለት አየ። ሚስቱም አየች። ተያዩ። «ውይ አባታችን! በጣም ነው የምወደው!» አለ። ሰው ዋሽቶ ሳምንት ቆይቶ ነው ንስሐ የሚገባው። እሱ እዚያው ለንስሐ አባቱ ዋሸ። ጊዜ ቆጣቢ ነው።

አሁን ማሰሮው አልቋል ብላችሁ እንዳትነሱ፤ ገና ነው። ያን ሰሞን አማቱ ደወሉ። «ደረሰልህ ልጄ?» ወዳጄ ሥራ ላይ ነበር። «ደርሷል እትዬ» ብሎ ዘጋ። «ግሩም ነው» አላለም። አማቱ ስልኩን ይዘው ቀሩ። ድምፁ ቀዝቅዟል። ምን አጠፋሁ? ጨው አነሰው? ወይስ ንቆኝ ነው? አልጠየቁም። መጠየቅ ነውር ነው። መደወል አቆሙ። ወዳጄም አማቱ መደወል ሲያቆሙ ቅር አለው። «ምን ብበድላቸው ነው?» አልጠየቀም። ሚስቱ በመሀል ሆና ሁለቱንም ጠየቀች። እናቷ «ምንም አልሆንኩም» አሉ። ባሏ «ምንም አልሆንኩም» አለ። ምንም ሳይሆኑ ፋሲካ አለፈ። ምንም ሳይሆኑ ሌላም ፋሲካ አለፈ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተላከ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ባና ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው መሐል ሜዳ ተቀመጡ። «ምንድነው ያጣላችሁ?» «ኧረ አልተጣላንም!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። «ቅር ያለሽ ነገር አለ?» «ኧረ ምን ቅር ይለኛል፣ ልጄ አይደል እንዴ!» «አንተስ?» «እኔ? እትዬ እናቴ ናቸው!» ሽማግሌዎቹ ተቸገሩ። የተጣላ ይታረቃል፤ ያልተጣላ እንዴት ይታረቃል? ጉልበት ያስማሉ? ካሣ ይቁረጡ? ምሳ በልተው፣ መርቀው ተነሡ። ጾም ስለነበር የቀረበው ምን እንደሆነ መንገር ያስፈልጋል? ሦስቱም ሽማግሌዎች እንባቸውን እየጠረጉ «ግሩም ነው» አሉ።

ይህንን ጥበብ ፈረንጆች አልደረሱበትም። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ባልና ሚስቶችን ለዓመታት ሲያጠና ኖሮ፣ ትዳርን የሚያፈርሱ አራት ጠባዮች አገኘሁ አለ። ነቀፋ፣ ንቀት፣ ራስን መከላከል፣ አራተኛው ደግሞ በንግግር መሀል ግድግዳ መሆን። ምስኪን። እዚህ መጥቶ ቢሆን ግድግዳ ሆነው የወርቅ ኢዮቤልዩ ያከበሩ ሰዎች እናሳየው ነበር። ኬኩን አብረው ቆርሰው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ በየመኝታ ክፍላቸው የሚገቡ።

አንዳንዱ «አይሆንም ማለት የእኛ ባህል አይደለም» ይላል። ይሄን የሚል ሰው መንዝ ጓሳን ይይ። ጓሳ ሣር ነው፤ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል፣ በክፉ ዘመን ለከብት ይሆናል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ነበር የሚያስተዳድረው። ሣሩ እንዲያገግም ተብሎ ለዓመታት ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ ያጨደ፣ ከብት ያሰማራ ይቀጣል። ዘመድም ይሁን፣ ጎረቤትም ይሁን። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ ሥርዓቱን እስኪያፈርሰው ድረስ እንዲህ ተኖረ። ዛሬ ቱሪስት ካሜራ አንጠልጥሎ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ እዚያ የሚወጣው፣ አንድ የመንዝ ሰው በዚያ ዘመን አጎቱን ፊት ለፊት «አይሆንም» ስላለው ነው። አጎትየውም ተቀጥቶ፣ ተናዶ፣ በማግሥቱ አብሮት ቡና ጠጥቶ ይሆናል። ታዲያ እኛ ይሄን ከየት አመጣነው?

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁም።

አባቱ ምን እንዳስቀየመው ሳያውቅ ያደገ ልጅ አውቃለሁ። አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ አውቃለሁ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው የአባቱን ፊት አይደለም፤ ፊቱን ለማየት ይፈራል። የሚያየው ጋቢው እንዴት እንደተጣለ ነው። ተጣጥፎ ከተቀመጠ ዛሬ ሰላም ነው። ተወርውሮ ከሆነ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ እህቶቹን ዝም ያሰኛል፣ እራት እስኪቀርብ ትንፋሹን ይውጣል። አባትየው አልመታም፣ አልተሳደበም። «ምንም አልሆንኩም» ብቻ ነው ያለው። ያ ልጅ አድጎ ሰው ሁሉ ደስ እንዲለው እሺ፣ እሺ፣ እሺ ሲል የሚኖር ሰው ይሆናል። ከዚያ ትህትናው ይደነቅለታል! ሰውን በዝምታ እየቀጡ ምንም አልሆንኩም ማለት ጨዋነት አይደለም። ጭካኔ ነው። «ንገረኝ» እያለ የሚለምንህን ሰው በር ዘግተህበት ጨዋ ነኝ አትበል። እና ሲሞት ደግሞ ለቅሶ ላይ ደረትህን እየደቃህ «ሳልነግረው!» አትበል። ሃያ ዓመት ከጎንህ ተቀምጦ ነበር።

ይቅርታ። ብርዱ ነው መሰል። ወደ ምስጋናው ልመለስ።

ወንጌሉ ቃላችሁ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም ይሁን ይላል። እኛም ሲነበብ በአክብሮት ቆመን እንሰማለን። ከዚያ «ይህቺስ ለእከሌ ነው» ብለን ለጎረቤት እናስተላልፋለን፤ ልክ እንደ ስልጆው።

ስለ ስልጆው ካነሣሁ አይቀር፣ ነገሩ ባለፈው ዓመት አበቃ። የወዳጄ ሚስት አንድ ቀን ታከታት። እናቷ ጋ ደወለች፣ ስፒከር ላይ አደረገችው፣ ባሏን አጠገቧ አስቀመጠችው። «እማዬ፣ እሱ ስልጆ አይወድም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይወድም። እኔም አልወድም።» ወዳጄ በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ከወዲያ ድምፅ ጠፋ። ቀጥሎ አማቱ «ተመስገን!» ብለው ጮኹ። «ያ ሰናፍጭ ዓይኔን ሊያጠፋው ነበር እኮ! እኔ ራሴ በምላሴ ነክቼው አላውቅ። ልጄ ይወዳል ብዬ ነው እንጂ!»

ሳቁ። ከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። አማቱ ጉልበታቸውን ከዓመት በላይ እንዳመማቸው ያን ቀን ተናገሩ። ልጅቷ «ለምን ደበቅሽኝ?» ብላ ጮኸች። እናትየው «አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?» ብለው ጮኹ። ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ከእናቷ ጋር ስትጣላ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። በነጋታውም ደወሉ። አሁን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይነጋገራሉ፤ ግማሹ ጭቅጭቅ ነው።

ያን ዕለት ስልኩ ሳይዘጋ አማቱ ወዳጄን ጠሩት። «ልጄ፣ እንግዲህ የምትወደውን ንገረኝና እሱን ልላክልህ። አትፈር፣ እኔ እናትህ ነኝ።» ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። በል፣ ተናገር። ወዳጄ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት ጊዜ ተነፈሰ።

«እትዬ፣ እርስዎ የላኩልኝ ሁሉ ለእኔ ግሩም ነው» አለ።

ዘንድሮ ኩንታል ተልባ ተልኮለታል። የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ተቀይሯል አሉ፤ አዲሱ ተልባ ይወድ እንደሆነ ገና የጠየቀው የለም።